ፊት ያልነበረው ዋንዛ

ባለፈው ዓመት ወደ ጂንካ ስመለስ አውቶቡሳችን ቀይ አፈር ከተማ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ቀኑ ሐሙስ ስለነበር ገበያው ሞልቷል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሙዝ ሲገዛ እኔ መጽሐፌን ይዤ በመስኮቱ አጠገብ ቀረሁ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው አዳዲስ ሳንቃዎችን በድንጋይ ላይ ደርድሮ፣ ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት በጨርቅ እየነከረ ይቀባቸው ነበር። ምስጥ እንዳይበላቸው ነው። ሽታው ከአቧራው ጋር ተደባልቆ በመስኮቱ ገባ። መጽሐፉን አጠፍሁ። ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ ተመልሰው ሲቀመጡ ፊቴን አይተው አሞኝ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ መንገዱ ነው አልኋቸው። መንገዱ አልነበረም። ያ ሽታ የወንድሜ ፊት ሽታ ነው።

ነገሩ በተጀመረበት ዓመት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጂንካ በዚያ ዘመን በአውሮፕላን ማረፊያዋ ዙሪያ የተቀመጠች ከተማ ነበረች። ማረፊያው የሣር ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ዘበኛው ከብቱን ያባርራል፣ አውሮፕላኑ ሲነሣ ከብቱ ወደ ግጦሹ ይመለሳል። በሜዳው ጠርዝ፣ ከቀበሌያችን አዳራሽ ፊት ለፊት፣ ሦስት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የማያቅፉት ዋንዛ ቆሞ ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ ዛፉ እየሞተ ነበር። አዳራሹ ሲሠራ ለመሠረቱ የተቆፈረው ቦይ ሥሩን በአንድ ወገን ቆረጠው። በመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ጎኑ ብቻ ነጭ አበባ አበበ፤ በሁለተኛው ዓመት ምንም አላበበም። ቅርፊቱ እየተላጠ ሲወድቅ እኛ ልጆች ለቅመን ለማገዶ ወሰድነው። ግንዱ ግን አልወደቀም። ሰው ሁሉ በሥሩ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያየዋል፤ መቼ እንደሚወድቅና በማን ላይ እንደሚወድቅ ለመገመት ይመስለኛል።

ወንድሜ ማቴዎስ የተወሰደው በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ የቤታችን ወንድ እርሱ ነበር። እናቴ ከአሪ መንደሮች ኮረሪማ እየሰበሰበች ለጭነት መኪና ነጋዴዎች ትሸጥ ነበር፤ ማቴዎስ ጆንያውን እየተሸከመ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ያደርስላታል። አንድ ማክሰኞ ወደ አልዱባ ገበያ ሄዶ አልተመለሰም። ለብሔራዊ ውትድርና የተፈለገው ቁጥር ስላልሞላ ከገበያው ያገኙትን ጎረምሳ ሁሉ በመኪና ጭነው ሄዱ። ጆንያውን አንድ የበና ሰው በማግሥቱ ተሸክሞ ቤታችን ድረስ አመጣልን። አፉ እንደታሰረ ነበር። ሰውየው አማርኛ አያውቅም፤ ጆንያውን መሬት ላይ አኑሮ፣ በእጁ ወደ ሰሜን አመልክቶ፣ ውኃ ጠጥቶ ሄደ። እናቴ ያን ጆንያ ጥግ አስደግፋ አስቀመጠችው እንጂ አልሸጠችውም። ቤታችን ዓመቱን ሙሉ ኮረሪማ ኮረሪማ ሲሸት ከረመ።

ማቴዎስ እግሬ ቀጭን ስለሆነ «አንበጣ» ብሎ ይጠራኝ ነበር። ያን ማክሰኞ ጠዋት ከደጃፍ ሲወጣ፣ «አንበጣ፣ ስመለስ እግርህ ካልወፈረ ለዶሮዎቹ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ከእርሱ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። በጥር አንድ ደብዳቤ ከማሠልጠኛ ደረሰን፤ ደህና መሆኑን፣ ወደ ሰሜን ሊንቀሳቀሱ መሆኑን የሚገልጽ፣ እናቴ እንዳታስብ የሚል ነበር። በውስጡ ፎቶግራፍ ነበረበት። በጨርቅ ላይ ከተሳለ ፏፏቴ ፊት ቆሟል፤ ቆቡ ሰፍቶት ጆሮዎቹን ሸፍኗቸዋል። እናቴ ፎቶግራፉን በመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ፣ በመዝሙረ ዳዊት መካከል አኖረችው። መጽሐፍ ቅዱሱ ራሱ በበቆሎው ማድጋ ሥር ተሸሽጎ ይኖር ነበር፤ የጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ ቆይቷልና። ከዚያ ወዲያ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። እናቴ እሳቱን ባዳፈነች ቁጥር ታለቅስ ነበር፤ ጭሱ ነው ትለኝ ነበር፤ እኔም ጭሱ ነው ብዬ ለብዙ ወራት አመንኋት።

በሰኔ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ የቀበሌው ነዋሪ በሙሉ በሟቹ ዋንዛ ሥር ለስብሰባ ተጠራ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ በላይ ቀድሞ ጫማ ይሸጥ የነበረ፣ ካኪ ልብስ የማይለየው፣ ሲናገር በሁለት እግሩ ጣቶች የሚቆም አጭር ሰው ነበር። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ለመጻፍ አልችልም። ከበላይ አካል የታዘዘውን ለመፈጸም የሚጨነቅ፣ ያልታዘዘውንም አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ነበር። ሌሎች ከተሞች ለአብዮት በዓል የሲሚንቶ ሐውልት ማቆማቸውን ሰምቷል፤ በጂንካ ሲሚንቶ አልነበረም። የነበረው ዛፉ ነው።

«ይህ ዛፍ ሞቷል» አለ። «አብዮቱ ግን የሞተውን ያስነሣል። ለመስከረም ሁለት ጀግናው ወታደራችን ከዚህ ግንድ ወጥቶ በመካከላችን ይቆማል።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ የእኔ ጭብጨባ ግን ከሌላው የተለየ ምክንያት ነበረው። እኔ የማውቀው ወታደር አንድ ብቻ ነው። ትልልቅ ሰዎች በዓል ሲሆን በአውሮፕላን እንደሚመጡ አይቻለሁ፤ አውሮፕላኑም የሚያርፈው እዚያው በዛፉ ፊት ነው። ስለዚህ በግንዱ ላይ የሚቀረጸው ሰው በበዓሉ ቀን በአውሮፕላን መጥቶ ከምስሉ አጠገብ እንደሚቆም ተረዳሁ። መንግሥት ማን መሆኑን ካላወቀ እንዴት አድርጎ ያመጣዋል? ፊቱን ማወቅ አለበት። በዘጠኝ ዓመቴ ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነበር።

ሥራው ለጋሽ ኩሲያ ተሰጠ። ጋሽ ኩሲያ የኮንሶ ሰው ነው፤ ሙቀጫና የንብ ቀፎ እየሠራ በገበያው ዳር ብቻውን ይኖር ነበር። በአገሩ ለሞቱ ጀግኖች በመቃብራቸው ላይ የሚቆም የእንጨት ምስል ይጠረባል፤ ዋካ ይሉታል። አባቱም አያቱም የዋካ ጠራቢዎች እንደነበሩ ጂንካ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ጓድ በላይም የመረጠው ለዚሁ ነው። በወረቀት የተሳለ፣ ጠመንጃ ያነሣ ወታደር አሳየው። ጋሽ ኩሲያ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ብዙ ጊዜ አየው።

«ማነው?» አለ።

ወታደር ነው ተባለ። ስሙን ጠየቀ። ስም የለውም፣ ሁሉንም ወታደር የሚወክል ነው አሉት። የአባቱን ስም ጠየቀ። በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ ሣቀ። ጋሽ ኩሲያ ግን አልሣቀም። እርሱ በሚናገረው አማርኛ ውስጥ «እርስዎ» የሚል ቃል ስላልነበረ ሊቀ መንበሩን እንደ እኩያው አነጋገረው።

«አንተ፣ እኔ ሰው ሲሞት ነው የምሠራ። ስሙን ይነግሩኛል፣ አባቱን ይነግሩኛል፣ ምን እንደገደለ ይነግሩኛል፤ እሠራለሁ። ሕያው ሰው አልሠራም። ይሄ ደግሞ ገና አልተወለደም። እንዴት ብዬ ልሥራው?»

ጓድ በላይ ከሕዝቡ ጋር ሣቀና ገላውን እንዲጀምር፣ ፊቱ ኋላ እንደሚደርስ ነገረው።

ክረምቱ እንዲህ ጀመረ። የዋንዛው ቅርንጫፍ ተመልምሎ ወረደ፤ ጫፉ ተቆረጠ፤ በዙሪያው የባሕር ዛፍ መሰላል ታሰረ። ጋሽ ኩሲያ በማለዳ ይወጣል፤ ካፊያ ሲመጣ ጆንያ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ይቀጥላል። መጀመሪያ በምሳር ይፈልጣል፣ ቀጥሎ ስለቱ ወደ ሠሪው በዞረ ትንሽ መጥረቢያ ይጠርባል፣ በመጨረሻ በመሮ ይለቅማል። ስንጣሪው እንደ ዓሣ ቅርፊት ሜዳው ላይ ተበተነ። የሞተው እንጨት ሲፈለጥ ውስጡ እንደ ማር ቢጫ ሆኖ፣ ከእርጅናና ከሻጋታ በታች ደስ የሚል ጣፋጭ ሽታ ወጣ። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እዚያ ዋልን። ጫማው ወጣ፤ ጉልበቱ ወጣ፤ ዝናሩ ወጣ፤ ጠመንጃውን የያዘው እጅ ጣት በጣት ወጣ። ከአንገት በላይ ግን ድፍን ግንድ ነበር። «ፊት የለሽ» ብለን ስም አወጣንለት። ደፋሮቹ ልጆች መሰላሉን ወጥተው በድፍኑ ግንድ ላይ በከሰል ዓይንና አፍ ይስሉበታል፤ ጋሽ ኩሲያም በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል።

ነሐሴ አለቀ። ጓድ በላይ በየቀኑ እየመጣ ከሥር ሆኖ ይጮህ ጀመር። አንድ ቀን፣ በዓሉ ያለ ፊት ከደረሰ ጋሽ ኩሲያን ራሱን ከግንዱ ላይ አስሮ እንደሚያቆመው ተናገረ። ዘበኞቹ ሣቁ፤ ግን ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም አወቅን። በዚያ ዓመት ሰው በትንሽ ነገር ይታሰር ነበርና። ጋሽ ኩሲያ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ወደ ታች እንኳ አልተመለከተም። እኔ ደግሞ ጊዜው እያለቀ መሆኑን አሰብሁ። ግንዱ ፊት አጣ፤ ወንድሜም አውሮፕላኑን ሊያመልጠው ነው።

በጳጉሜ የመጀመሪያ ቀን እናቴ ገበያ ስትሄድ መጽሐፍ ቅዱሱን ከማድጋው ሥር አወጣሁ። ፎቶግራፉን በሸሚዜ ውስጥ አድርጌ ወደ ዛፉ ሄድሁ። ጋሽ ኩሲያ በመሰላሉ ሥር ተቀምጦ መሮውን በድንጋይ ይስል ነበር። ፎቶግራፉን ሰጠሁትና ወንድሜ መሆኑን፣ ወታደር መሆኑን፣ ስሙም ማቴዎስ መሆኑን ነገርሁት። እርሱም በሁለት ጣቱ ይዞ አየውና ዓይኑን ወደ እኔ አነሣ።

«ሞቷል?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ሳልጠብቀው አልመጣሁም። ለሕያው እንደማይሠራ በሰኔው ስብሰባ ከሁሉም ጋር ሰምቻለሁ። በመንገድ ላይም ቃሉን ስለማመደው ነበር።

«አዎ» አልሁ።

«ማን ነገራችሁ?»

«ደብዳቤ መጣ።»

«እናትህ አለቀሰች?»

«ታለቅሳለች።»

ከሦስቱ መልሶቼ ሁለቱ እውነት ነበሩ። ኋላ ላይ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ስለ ሐሰት የተጻፈውን ሁሉ ባገኘሁበት አንብቤአለሁ፤ በሁለት እውነት የተደገፈ አንድ ቃል ምን ያህል ሸክም እንደሚችል የነገረኝ መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ጋሽ ኩሲያ እናቴን ሊጠይቃት አልሄደም። በእርሱ ደንብ እናት ስለሞተ ልጇ አትጠየቅም፤ ስለ ሟች የሚናገረው የቤቱ ወንድ ነው። የቤቱ ወንድ ደግሞ ከጥቅምት ወዲህ እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ከፊቱ አስቀመጠኝና እንደ ትልቅ ሰው ጠየቀኝ። የአባታችንን ስም ነገርሁት። ማቴዎስ ምን እንደገደለ ጠየቀኝ። አስቤ አስቤ፣ «ዶሮ» አልሁት፤ ሲገድል ያየሁት እርሱን ብቻ ነው። ጋሽ ኩሲያ በዚህም አልሣቀም። «ይሁን» ብሎ ወደ መሰላሉ ወጣ።

ሦስት ቀን ከመሰላሉ ሥር ተቀምጬ ወንድሜን ነገርሁት። ፎቶግራፉ ትንሽ ነው፣ ቆቡም ብዙውን ሸፍኗል። ጆሮዎቹ ከቆቡ ሥር ወደ ውጭ የቆሙ መሆናቸውን ነገርሁት፤ ቆቡን ወደ ኋላ ገፍቶ ጆሮዎቹን አወጣቸው። ከማንጎ ዛፍ ወድቆ የግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ እንዳለበት ነገርሁት፤ በመሮው ጫፍ አንዴ ጫር አደረገው። ሲሥቅ የትኛው ጥርሱ እንደሚቀድም ጠየቀኝ። ከላይ በኩል ያለው የቀኙ ነው አልሁት። ወንድሜን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አድርጌ አላሰብሁትም። በአፌ የነገርሁት ሁሉ ወዲያው እንጨት ይሆን ነበር። ዓይኖቹንና ጥርሶቹን ከከብት አጥንት ሠርቶ ሲተክላቸው፣ ከላይ ሆኖ እኔን የተመለከተኝ ማቴዎስ ነበር፤ «አንበጣ» ሊለኝ የቀረው ትንሽ ነው።

በመጨረሻው ቀን ጋሽ ኩሲያ ከጭነት መኪና ሾፌሮች የለመነውን የተቃጠለ ዘይት በጣሳ አመጣና ከእግር እስከ ራስ ቀባው። ቢጫው እንጨት ጠቆረ። ፎቶግራፉን ሲመልስልኝ እጁ ዘይት ስለነበረ የአውራ ጣቱ አሻራ በወንድሜ ፊት ላይ አረፈ። ዓይንና አፍንጫው በአሻራው ሥር ጠፉ። በሸሚዜ ባሸው ይባስ ተሰራጨ። ወደ መዝሙረ ዳዊት መልሼ ሸሸግሁት። አልፈራሁም ነበር፤ ባለቤቱ ራሱ ሊመጣ አይደል?

መስከረም ሁለት ቀን ሕዝቡ በግዴታ ወጣ። ምስሉ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል። እኔ ዓይኔን ከሰማዩ አልነቀልሁም፤ ከብቱ ግን ከሜዳው አልተባረረም፤ ይህም ትንሽ አሳሰበኝ። ጓድ በላይ በድምፅ ማጉያ ብዙ ተናገረና ጨርቁን ጎተተ። ጭብጨባ ሆነ። ከጭብጨባው ውስጥ ግን አንድ ጥግ ዝም አለ። ለድንጋይ ሥራ የመጡ የኮንሶ ሰዎች እዚያ ቆመው ነበር። ጋሽ ኩሲያ የማን መሆኑን ነግሯቸዋል። ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ፤ ከመካከላቸው አንዲት ትልቅ ሴት ሕዝቡን እየለየች እናቴ ወደቆመችበት መጣች። እኔ የእናቴን እጅ ይዤ ነበር። ሴትዮዋ ሌላውን እጇን በሁለት እጇ ያዘች።

«አይዞሽ» አለቻት። «ልጅሽ በደንብ ቆሟል። እንዲህ የቆመ ሰው አይረሳም።»

«የማን ልጅ?» አለች እናቴ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ ወደ ምስሉ ተመለከተች። እናቴም ተከትላ ቀና አለች። መጀመሪያ ጆሮዎቹን አየች መሰለኝ። እጄን ለቀቀችው። ወደ ግንዱ ሄዳ ደረሰች፤ ቁመቷ የሚደርሰው እስከ ጉልበቱ ብቻ ስለሆነ ጉልበቱን አቀፈች። የወጣው ድምፅ የእርሷ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ጓድ በላይ ድምፅ ማጉያውን አነሣ። «የጀግኖቻችን እናቶች» አለ፣ «በደስታ እያለቀሱ ናቸው።» ሰው እንደገና አጨበጨበ።

ለሦስት ቀን ቤታችን የለቅሶ ቤት ሆነ። ጎረቤት ሁሉ መርዶው ቀበሌው ዘንድ ደርሶ ተደብቆ እንደነበረ፣ በዚህ መንገድ እንደተነገራት አመነ፤ መንግሥት እንዲህ ነው ተባባሉ። እናቴ ጸጉሯን ተላጨች። እኔ ከጆንያው ኋላ ተቀምጬ የማላውቃቸው ሰዎች ራሴን ሲደባብሱኝ ዋልሁ። አባት የሌለው፣ አሁን ደግሞ ወንድም የሌለው እያሉ አለቀሱልኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰዉ ገና ሳይመጣ፣ እናቴ ፊቷን ስትታጠብ፣ ማቴዎስ አልሞተም አልኋት። ውኃው በእጇ ላይ እንዳለ ቆመች። ሁሉንም ነገርኋት፤ ስለ አውሮፕላኑም ጭምር። እንደምትመታኝ ጠብቄ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አልመታችኝም። መጽሐፍ ቅዱሱን አውጥታ ገለጠች፤ ጥቁሩን አሻራ አየች፤ በቀሚሷ ጫፍ ለመጥረግ ሞከረች፤ ከዚያ በእጄ አንጓ ይዛ ወደ ጋሽ ኩሲያ ቤት ወሰደችኝ።

ጋሽ ኩሲያ ነገሩን ሲሰማ በጀመረው ሙቀጫ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔን አላየኝም። እናቴ ምን ይሆናል ብላ ጠየቀችው። እኔም ማወቅ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

«አላውቅም» አለ። «ለሕያው ሰው ሠርቼ አላውቅም። አባቴም አልሠራም። ምን እንደሚሆን የነገረኝ የለም።»

ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ትልልቅ ሰዎች የማያውቁት ነገር መኖሩን፣ ያንን ነገር የሠራሁትም እኔ መሆኔን ያን ጠዋት ተማርሁ። ጋሽ ኩሲያ መሮና መዶሻውን ይዞ ፊቱን ሊያወርድ ተነሣ። ዘበኛው ከለከለው። ጓድ በላይ ተጠርቶ መጣና ምስሉ የሕዝብ ንብረት መሆኑን፣ ከወረዳ የመጡ ሰዎችም እንዳመሰገኑት፣ የነካው ሰው በአብዮቱ ላይ እጁን እንዳነሣ እንደሚቆጠር ተናገረ። እናቴ ልጇ ሕያው መሆኑን ነግራው፣ ፊቱ ከሙታን መካከል እንዲነሣላት ለመነችው። ሊቀ መንበሩ ይህን ልመና በእውነት አልገባውም። ሕያው ከሆነማ እሰየው፣ ሲመጣ ራሱን ያያል አላት። ጋሽ ኩሲያ ለብቻው እንደገና ሊሞክር ሲል ተያዘና አንድ ሳምንት ታሰረ። ሲፈታ ዕቃውን በቆዳ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሄደ። በደጃችን ሲያልፍ ቆመ።

«ልጅ፣ ወንድምህ የመጣ ዕለት ላክብኝ» አለኝ። «የትም ብሆን መጥቼ ፊቱን አወርዳለሁ።»

ከዚያ በኋላ እናቴ የሐዘን ልብሷን አወለቀች፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልሳ ለበሰች፤ እንደገና አወለቀች። ልታለቅስ ስትል ልጇን የምትገድል ይመስላታል፤ ተስፋ ልታደርግ ስትል ያ ዘይት የጠጣ ፊት ከሜዳው ጠርዝ ያያታል። ለጸሎት ስትንበረከክ ስለ ሕያው ይሁን ስለ ሙት መወሰን አቅቷት ዝም ብላ ስትነሣ አይቻታለሁ። ፎቶግራፉ ስለተበላሸ ፊቱን ለማየት ወደዚያው መሄድ ግድ ሆነባት፤ ከገበያ ስትመለስ ከሥሩ ቆማ ቀና ብላ ታየዋለች፣ ከዚያም እንደ ሰረቀች ሰው ፈጥና ትሄዳለች። እኔ ወደ ትምህርት ቤት በሜዳው ማዶ ዞሬ መሄድ ጀመርሁ። ልጆቹ፣ «አንበጣ፣ ወንድምህ እያየህ ነው፣ የት ትሸሻለህ?» እያሉ ይጮሁብኛል። ፀሐይ በጠናችበት ቀን ዘይቱ ከእንጨቱ እያላበ ይወርድና ሽታው እስከ ክፍላችን ይደርስ ነበር።

በግንቦት መንግሥቱ ወደቀ። ወሬው ወደ እኛ በሬዲዮ ደረሰ፤ ቀጥሎ ወታደሮቹ ራሳቸው በእግርና በጭነት መኪና እየተንጠባጠቡ ይመጡ ጀመር፤ ጫማ የሌላቸው፣ ካፖርታቸውን ለዳቦ የሸጡ። እናቴ በየሐሙሱ ቀይ አፈር ወርዳ ከመኪና የሚወርደውን ሁሉ ማቴዎስን ታውቀዋለህ ወይ እያለች ጠየቀች። አንዱ ስሙን ሰምቻለሁ አላት። ሌላው በሱዳን በኩል የወጡ ብዙ ናቸው አላት። የቀረው ራሱን ነቀነቀ። የሚታይ ፎቶግራፍ ስለሌላት በቃል ለመግለጽ ትሞክር ነበር፤ ጆሮው እንዲህ፣ ቅንድቡ እንዲህ። እኔ አጠገቧ ቆሜ የራሴን ቃላት ከአፏ እሰማ ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ ጎረምሶች ምሳርና መጋዝ ይዘው ወደ ዋንዛው ወጡ። ጓድ በላይ ከጠፋ ሰንብቷል፤ አዳራሹም ተዘርፏል፤ ምስሉ የቀረ ዕዳ ነበር። ወሬውን ሰምተን ስንደርስ ጠመንጃው ተቆርጦ ወድቋል፣ በጉልበቱ ላይም ምሳር ተጀምሯል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ያ ፊት እንዲወርድ ስትለምን የኖረችው እናቴ በምሳሩና በግንዱ መካከል ገባች። ምሳሩን የያዘው ልጅ ጨዋ ነበር።

«እማማ፣ ይራቁ፣ ይወድቅብዎታል» አላት። «የደርግ ነው።»

«የደርግ አይደለም» አለች እናቴ። «የእኔ ነው።»

ልጁ ወደ ጓደኞቹ ተመለከተ። ምን እንደተረዳ አላውቅም። መሰላል ጠይቆ ወጣና የምስሉን ራስ ከአንገቱ ላይ በመጋዝ ቆርጦ፣ በገመድ ቀስ አድርጎ አወረደላት። ወደ ቤት ስንወስደው የቀኝ ዓይኑ በመንገድ ላይ ወልቆ ጠፋ። የቀረውን ግንድ ሁለት ቀን አነደዱት፤ ዘይት የጠጣ እንጨት አይጠፋም።

እናቴ ያን ቀን ጆንያውን ከጥግ አንሥታ ፈታችው። ኮረሪማውን በወለሉ ላይ ገለበጠችና የምስሉን ራስ በባዶው ጆንያ ጠቀለለችው። በማግሥቱ ወደ ጸሎት ቤታችን ሄድን። ማኅተሙ ከተነሣ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ ግቢው በሣር ተውጦ ነበር። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስ የመቃብሩን ጉድጓድ ከጎረቤቶች ጋር ራሳቸው ቆፈሩ። ነገር ግን ጠንቃቃ ሰው ስለነበሩ፣ ጸሎቱን ከመጀመራቸው በፊት ቆም አሉ። መርዶ ያልተነገረለትን ሰው ሙት ብለው በእግዚአብሔር ፊት ለመጥራት ፈሩ። ለእናቴ በቀስታ ነገሯት፤ በሕያው ላይ እንዲህ ያለ ጸሎት አይጸለይም፣ የሚያውቅ ሰው ካለ ይናገር አሏት። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ክረምት ወዲህ በቀጥታ ዓይኔን ስታየኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ቁጣ አልነበረባትም። ትለምነኝ ነበር።

ጋሽ ጴጥሮስ ዓይኗን ተከትለው እኔን አዩኝና ጎንበስ አሉ።

«ሞቷል፣ ልጄ?»

አላውቅም ነበር። ዛሬም አላውቅም።

«አዎ» አልሁ።

የመጀመሪያውን እፍኝ አፈር የቤቱ ወንድ እንዲጥል ተባለና ጣልሁ። አፈሩ በጆንያው ላይ ሲያርፍ ኮረሪማና የተቃጠለ ዘይት ሸተተ።